ሂተሩ እምቢ ሲል፦ የትራክ የናፍጣ ማሞቂያን ብልሽት በጆሮ መፈለግ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት። ዋዮሚንግ፣ አይ-80 መንገድ ላይ፣ ራውሊንስ አካባቢ ቆሜያለሁ። ውጭው በፋራናይት ዜሮ ነው፤ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 18 ገደማ። የነቃሁት አፍንጫዬን ሲበርደኝ ነው። ከአልጋው ሥር ያለው ሂተር ጭጭ ብሏል። መቆጣጠሪያው ላይ የብልሽት ቁጥር ብልጭ ድርግም ይላል።

ቁጥሩን አላነበብኩም። አጥፍቼ አበራሁት። እምቢ አለ። ደግሜ አጥፍቼ አበራሁት። ስድስት ሰባት ጊዜ ከታገልኩ በኋላ ተስፋ ቆርጬ የመኪናውን ሞተር አስነስቼ አደርኩ። በነጋታው ያሳየሁት ጋራዥ «የሂተሩ ኮምፒውተር ሄዷል፣ ይቀየር» አለኝ። በጠራው ዋጋ ሁለት የቻይና ሂተር ይገዛ ነበር። አልተዋጠልኝም። ዴንቨር ስደርስ አንድ ያገሬ ልጅ የፊውዙን ማስቀመጫ ከፍቶ አረንጓዴ ዝገት አሳየኝ። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አደረገው። ሂተሩ ተነሣ። ሥራው ሻይ ለመጠጣት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ሂተር ስነካካ ከርሜያለሁ። የተማርኩት ነገር ይህ ነው። ሂተር ብዙ ጊዜ አይበላሽም፣ ይራባል። ወይ ኤሌክትሪክ፣ ወይ ናፍጣ፣ ወይ አየር አንሶት ነው። የትኛው እንዳነሰው ደግሞ ሲነሣ በሚያሰማው ድምፅ ይታወቃል። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ጆሯችሁን ስጡት።

የማወራው ናፍጣ እያቃጠለ የመኝታ ክፍሉን በሞቀ አየር ስለሚሞላው ትንሽ ማሽን ነው። ኤበርስፔሸር፣ ዌባስቶ ወይም የቻይና ሊሆን ይችላል፤ አሠራራቸው ይመሳሰላል። ለምን እንደምንለፋለትም ግልጽ ነው። ሞተር አስነስቶ ማደር በሰዓት 0.8 ጋሎን (3 ሊትር) ገደማ ናፍጣ ይበላል። ባለ 2 ኪሎዋት ሂተር ግን ሙሉ ኃይሉን ቢሠራ እንኳ በሰዓት ሩብ ሊትር አካባቢ ነው። በአሥር ሰዓት ዕረፍት ልዩነቱን አስሉት። ካሊፎርኒያን የመሳሰሉ ስቴቶች ደግሞ ከአምስት ደቂቃ በላይ ሞተር አስነስቶ መቆምን ይከለክላሉ።

ከሁሉ በፊት

ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው ሳይነቁ የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሳይሰማ ያደገ ሐበሻ የለም። ያ ገዳይ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከዚህ ሂተር ጭስ ማውጫም ይወጣል። ሽታ የለውም፣ አይታይም።

ሂተሩ ጤነኛ ሲሆን ጭሱና እናንተ የምትተነፍሱት አየር አይገናኙም። እንደ ምጣድ አስቡት። እሳቱ ከሥር፣ እንጀራው ከላይ። ለእሳቱ የሚያስፈልገው አየር ከውጭ ገብቶ ወደ ውጭ ይወጣል። የካቢኑ አየር ደግሞ በጋለው ብረት ላይ ብቻ አልፎ ይመለሳል። ብረቱ ከተሰነጠቀ፣ በብረቶቹ መሐል ያለው ማሸጊያ፣ ጋስኬቱ፣ ካረጀ ወይም የጭስ ቱቦው መገጣጠሚያ ከላላ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ።

ስለዚህ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ በራስጌያችሁ አካባቢ ይኑር። ካቢኑ ውስጥ ጭስ ጭስ ከሸተተ፣ ራሳችሁን ካመማችሁ፣ ካዞራችሁ ወይም ካቅለሸለሻችሁ ምርመራ የሚባል ነገር የለም። ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጡ፤ ሕመሙ ካለ 911 ደውሉ። ሂተሩ ባለሙያ ሳያየው አይበራም። ነዳጅ ስትቀዱም ሂተሩ ይጥፋ። ዝግ ጋራዥ ውስጥ ጭራሽ አይበራም።

ጤነኛ ሂተር ሲነሣ

ደህና በሚሠራበት ቀን አንድ ጊዜ ሬዲዮውን ዘግታችሁ አድምጡት። ቁልፉን ስትጫኑ መጀመሪያ ፋኑ በቀስታ መዞር ይጀምራል። በዚሁ ጊዜ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው ግሎ ፕለግ እየጋለ ነው፤ ይህኛው ድምፅ የለውም። ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ከታንከሩ አቅጣጫ «ጠቅ… ጠቅ… ጠቅ» ይሰማል። ፖምፓው ናፍጣ እየገፋ ነው። ውጭ ብትቆሙ ትንሽ ነጭ ጭስ ታያላችሁ። ከዚያ እሳቱ ይያያዛል፣ ጭሱ ይጠፋል፣ ጠቅታው ይፈጥናል፣ ፋኑም እንደ ትንሽ ጄት እያጓራ ይሄዳል። እጃችሁ ላይ የሞቀ አየር እስኪመጣ ሦስት አራት ደቂቃ ነው።

የተበላሸውን ሂተር ስትመረምሩ ጥያቄው አንድ ነው፦ የትኛው ድምፅ ላይ ቆመ?

አንድ ማሳሰቢያ። ከሁለት ጊዜ በላይ ደጋግማችሁ አታስነሱት። ባልተነሣ ቁጥር ያልተቃጠለ ናፍጣ ውስጡ ይጠራቀማል። በኋላ ሲቀጣጠል ጭሱ ሠፈሩን ይሸፍናል፤ ከጭስ ማውጫው ነበልባል ሊወጣም ይችላል። ብዙዎቹ ሂተሮችም ከተደጋጋሚ ሙከራ በኋላ ራሳቸውን ይቆልፋሉ። ያኔ ማኑዋል ፍለጋ ነው።

ምንም ድምፅ ከሌለ

ፊውዝ እዩ። ለ12 ቮልት ሂተር ብዙ ጊዜ 15 ወይም 20 አምፔር ነው። ተቃጥሎ ከሆነ በልኩ ተኩ እንጂ ከፍ ያለ አታስገቡ። ፊውዙ ደህና ከሆነም ማስቀመጫውን እዩ፤ የኔን ታሪክ አስታውሱ። ክረምት መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ሽቦ ይበላል። ከዚያ የማሳውን ሽቦ፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን ኔጌቲቩን፣ መጨረሻው ድረስ ተከትላችሁ ብሎኑን አጥብቁ። መቆጣጠሪያው መብራት እያሳየ ፋኑ ብቻ ካልዞረ ፋኑ ውስጥ ባዕድ ነገር ገብቶ ሊሆን ይችላል። አንዴ የጓደኛዬ ሂተር ውስጥ የልጁን ካልሲ አግኝተናል።

ፋኑ ዞሮ ትንሽ ቆይቶ ከጠፋ

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ያለ ኃጢአቱ ዕቃ የሚቀይረው እዚህ ነው።

ግሎ ፕለጉ ሲግል ሂተሩ ከ8 እስከ 10 አምፔር ገደማ ይስባል። አንዴ ከተቀጣጠለ በኋላ ግን የሚፈልገው በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ባትሪያችሁ ስልክ እየሞላ፣ መብራት እያበራ፣ ሂተሩን ብቻ ማስነሳት ሊያቅተው ይችላል። ቮልቴጁ ወደ 10.5 ሲወርድ የሂተሩ ኮምፒውተር «በቃኝ» ብሎ ይዘጋል። ባትሪያችሁ ሞተር ማስነሻ እንዲያጣ አይፈልግም። እኛ ግን «ተበላሸ» እንለዋለን።

የምትለኩት በመልቲሜትር ነው፣ አገር ቤት ኤሌክትሪሻኖች አቮሜትር በሚሉት። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው።

1. ሂተሩ ጠፍቶ ባትሪውን ለኩ። ሙሉ ባትሪ ሞተር ጠፍቶ ትንሽ ካረፈ በኋላ 12.6 ያሳያል። 12.2 ካሳየ ግማሹ ሄዷል።

2. ሂተሩን አብሩና ግሎ ፕለጉ እየጋለ ባለበት ደቂቃ፣ እዚያው ሂተሩ ላይ በሚሰካው ሶኬት ለኩ። ሳይሠራ መለካት ዋጋ የለውም። የዛገ ሽቦም ሥራ ሲፈታ 12.6 ያሳያል።

3. በዚያችው ደቂቃ ባትሪውንም ለኩ። ባትሪው ላይ 12.3 እያለ ሂተሩ ጋ 10.7 ከሆነ 1.6 ቮልት መንገድ ላይ ጠፍቷል። ሌባው ፊውዝ ማስቀመጫው፣ ማሳው ወይም የቀጠነ ሽቦ ነው። ሁለቱም አብረው ከወረዱ ግን ባትሪው ራሱ ደክሟል።

ያለ መልቲሜትር በቀላሉ ለመገመት ሞተሩን አስነስታችሁ ሂተሩን ሞክሩት። ሞተር ሲዞር ከተነሣ፣ ሞተር ሲጠፋ ከሞተ፣ ችግሩ ኤሌክትሪክ ነው።

ቮልቴጁ ጥሩ ሆኖ አሁንም ከጠፋ ግሎ ፕለጉን ለኩት። የ12 ቮልቱ ሲቀዘቅዝ ከ1 ኦም በታች ነው የሚያሳየው። መስመሩ ተቆርጧል ካለ ሞቷል። ርካሽ መልቲሜትር እንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ላይ ይዋሻል፤ መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎቹን አነካክታችሁ የሚያሳየውን ቀንሱ። ግሎ ፕለጉን አውጥታችሁ በቀጥታ ባትሪ ላይ «እስቲ ይግል እንደሆነ» አትበሉ። ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪኩን እየቆራረጠ ነው የሚሰጠው። ሙሉ 12 ቮልት ሲያገኝ ደህናውም ሊቃጠል ይችላል።

ፖምፓው «ጠቅ ጠቅ» እያለ እሳት ከሌለ

ውጭ ውጡና ጭስ ማውጫውን እዩ። ወፍራም ነጭ ጭስ ካለ ናፍጣው ደርሷል፤ የሚያቀጣጥለው አጥቷል። ወደ ግሎ ፕለጉና ወደ ቮልቴጁ ተመለሱ። ጭስም ሽታም ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም።

ናፍጣ የማይደርስበት አንደኛው ምክንያት ያሳፍራል፦ ታንከሩ ጎድሏል። «ሩብ እያለኝ?» አዎ። የሂተሩ መምጠጫ ቱቦ የታንከሩን ወለል እንዳይነካ ሆን ተብሎ አጥሮ ነው የሚገባው። እናንተ ተኝታችሁ ሂተሩ የመጨረሻዋን ጠብታ ጨርሶ መንገድ ላይ እንዳትቀሩ ነው። ዘቅዛቃ ቦታ ከቆማችሁ ደግሞ ናፍጣው ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ክረምት ከግማሽ በታች አታውርዱት።

ሁለተኛው ብርድ ነው። ቁጥር 2 የሚባለው የተለመደው ናፍጣ እንደ ቅልቅሉ ከ10 እስከ 20 ፋራናይት ላይ ሰም ማውጣት ይጀምራል። በኅዳር ቴክሳስ የቀዳችሁትን ይዛችሁ ኖርዝ ዳኮታ ከገባችሁ እንደ ረጋ ቅቤ ነው የሚሆነው። «ሞተሩ ግን ይሠራል» ትሉ ይሆናል። ሞተሩ የሞቀ ናፍጣ ወደ ታንከሩ ይመልሳል፣ መስመሩም ወፍራም ነው። የሂተሩ መስመር ውስጡ 2 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ መኪናው ሥር ብርድ ላይ የተዘረጋ ነው። ቀድሞ የሚረጋው እሱ ነው። መከላከያ ኬሚካሉ ናፍጣው ሳይረጋ በፊት ነው የሚጨመረው። ከረጋ በኋላ ብትጨምሩት እዚያ ቀጭን መስመር ውስጥ አይደርስም። ባዮዲዝል የበዛበት ቅልቅል ደግሞ ቀድሞ ይረጋል።

ሦስተኛው አየር ነው። ፖምፓው የሚገፋበት ጫፍ ወደ ላይ ዘንበል ብሎ መታሰር አለበት፤ አለበለዚያ አረፋ ውስጡ ይቀራል። መስመሩ የሚያሳይ ፕላስቲክ ከሆነ በባትሪ መብራት እዩት። ትንንሽ አረፋ አልፎ አልፎ ቢያልፍ ችግር የለውም። ረዘም ረዘም ያለ የአየር ክፍተት ካለ ግን መገጣጠሚያ እየሳበ ነው። ቱቦ ማሰሪያ ፋሸታዎቹን አጥብቁ። ሁለቱ የፕላስቲክ ቱቦዎች በሚያገናኛቸው አጭር ጎማ ውስጥ ጫፍ ለጫፍ መነካካት አለባቸው። ረጅም ጎማ ቱቦ ያደረጉም አይቻለሁ፤ ጎማ የፖምፓውን ምት እንደ ፊኛ እየተነፋ ይውጠዋል።

ትንሿን ፊልትሮ አትርሱ። ዋጋዋ ጥቂት ዶላር ነው። ከመጠራጠር ቀይሯት።

ጠቅታው ጭራሽ ካልተሰማ ፖምፓው ላይ የሚሰካውን ሶኬት ነቅላችሁ እዩ። ከታች ስላለ ጭቃና ጨው ይጫወትበታል። የፖምፓው መጠምጠሚያ እስከ 10 ኦም አካባቢ ካሳየ አልተቆረጠም ማለት ነው፤ ሽቦውን ፈልጉ።

ተነሥቶ፣ አጭሶ፣ ከሞተ

ከላምባ ኩራዝ ጋር ያደገ ሰው ይህን ክፍል ማንበብ አያስፈልገውም። የኩራዝ ክር ሲረዝም ምን ይሆናል? እሳቱ ይቀላል፣ ጥላሸቱ ጣሪያ ይደርሳል። ለነዳጁ የሚበቃ አየር የለማ። ሂተሩም እንደዚያው ነው። ጥቁር ጭስ ካያችሁ አየር አንሶታል ወይም ናፍጣ በዝቶበታል።

መጀመሪያ ሁለቱን ቱቦዎች፣ የአየር መግቢያውንና ጭስ ማውጫውን፣ ተንበርክካችሁ እዩ። በረዶ ይደፍናቸዋል፤ ጭቃም እንደዚያው። በበጋ ጭቃ የምትገነባ ተርብ አለች፣ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ትወዳለች። መስከረም ላይ ሂተሩን ስታበሩ ጎጆዋን ሠርታ ጨርሳለች። የጭስ ቱቦው መሐሉ ላይ ወደ ታች ከጎበጠ ውኃ ተጠራቅሞ ይቀዘቅዛል፤ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ትንሽ የማፍሰሻ ቀዳዳ ሊኖር ይገባል። የሁለቱ ቱቦ አፎች ጎን ለጎን ከሆኑ ደግሞ ሂተሩ የራሱን ጭስ መልሶ ይተነፍሳል።

ከዚያ ከፍታ አለ። ከፍታ ማስተካከያ የሌላቸው ሂተሮች ከ1,500 ሜትር በላይ ሲቆዩ ጥላሸት ያበዛሉ። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ነች። እዚያ ተራራ ላይ ሁለት ሦስት ቀን መቆም የምታዘወትሩ ከሆነ ማስተካከያ ያለውን ግዙ። በነገራችን ላይ የቻይናውን ሂተር አዲስ አበባ ለዘመድ ልላክ የምትሉም አላችሁ፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች። ይህን ሳታዩ አትላኩ።

ትልቁ ጥላሸት አምራች ግን እኛው ነን። ሂተሩን ሌሊቱን ሙሉ በዝቅተኛው ላይ እናደርገዋለን። ዝቅተኛ እሳት ደግሞ ውስጡን አያጸዳም። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ መስኮት ከፈት አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት በከፍተኛው አስጩኹት። ጥላሸት የጀመረው ከሆነ ለአንድ ሁለት ሰዓት በቁጥር 1 ናፍጣ (ቀለል ባለው የብርድ ናፍጣ) ወይም በላምባ በከፍተኛው ማስኬድ ብዙ ጊዜ ያጠራዋል። ለብቻው ትንሽ ጀሪካን ይበቃል። ቤንዚን ግን በጭራሽ! የናፍጣ ሂተር ውስጥ ቤንዚን ማስገባት ፈንጂ መሥራት ነው።

ይህም ካልረዳ መክፈት ነው። ግሎ ፕለጉ የሚቀመጥበት ቤት ውስጥ ትንሽ የሽቦ ወንፊት አለች። ከሰል ስትሆን ናፍጣው አይተንም። አትፋቋት፣ ቀይሯት። ማቃጠያውን ከፍታችሁ ጥላሸቱን ካወጣችሁም ጋስኬቱን በአዲስ ተኩ። አሮጌ ጋስኬት መልሶ መግጠም ምጣዱን መሰንጠቅ ነው።

ደህና እየሠራ ድንገት ከዘጋ

ሙቀት በዝቶበት ሊሆን ይችላል። አየር የሚስብበትንና የሚያወጣበትን ቦታ እዩ። ብርድ ልብስ፣ ጫማ፣ የተጣመመ ቱቦ። እኔ ከሚኒያፖሊስ ዘመዴ የሰጠችኝን በርበሬ ከአልጋው ሥር ወትፌ ነበር፣ ልክ የአየር መሳቢያው አፍ ላይ። ሂተሩ ከመዝጋቱ በፊት ያገኘውን ያህል ሳበ። ካቢኑ በበርበሬ ሽታ ታጥኖ ሳስነጥስ አደርኩ።

ሌላው ጥፋት አጠፋፍ ነው። ሂተሩን ስታጠፉ ፋኑ ለማቀዝቀዝ ሦስት አራት ደቂቃ ይዞራል። በዚህ መሐል የባትሪውን ዋና ማብሪያ ከዘጋችሁ የጋለው ብረት በዚያው ግለት ይቀራል፤ ኮምፒውተሩም «ግሏል» ብሎ ይመዘግባል፣ ውስጡም ይጎዳል። በቁልፉ አጥፉ፣ ፋኑ ይቁም፣ ከዚያ ዋናውን ዝጉ።

ቁጥሮቹ

ኤበርስፔሸር ኤርትሮኒክ ላይ 10 ቮልቴጅ በዛ፣ 11 ቮልቴጅ አነሰ፣ 12 ሙቀት በዛ ነው። 52 እሳቱ በተሰጠው ጊዜ አልተያያዘም፣ 50 ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞክሮ አልተነሣም ማለት ነው። ዌባስቶ ኤር ቶፕ 2000 መብራቱን አምስቴ ቶሎ ቶሎ ካብለጨለጨ በኋላ ረዘም ያሉትን ቁጠሩ፦ 1 አልተነሣም፣ 2 እሳቱ ጠፋ፣ 3 ቮልቴጅ፣ 10 ሙቀት በዛ። የቻይናዎቹ ላይ ኢ-10 ብዙ ጊዜ አልተነሣም፣ ኢ-08 እሳቱ ጠፋ ነው፤ ግን ከሠሪ ሠሪ ስለሚለያይ አብሮት የመጣችውን ወረቀት አትጣሏት። ቁጥሩ ሕመሙን እንጂ መንስኤውን አይናገርም። «አልተነሣም» የሚለው ቁጥር ከጎደለ ታንከርም፣ ከተርብ ጎጆም፣ ከተቃጠለ ግሎ ፕለግም ሊመጣ ይችላል።

በበጋም በወር አንዴ ለአሥር ደቂቃ አብሩት። ሐምሌ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ሂተር ማብራት ሞኝነት ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን ናፍጣው መስመሩ ውስጥ አይደርቅም፣ ፖምፓውም አይያዝም።

ይህን ሁሉ አይታችሁ ካልሆነ ጋራዥ ሂዱ፣ ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ቁጥሩን፣ ግሎ ፕለጉ ሲግል ሂተሩ ጋ የለካችሁትን ቮልት፣ የጭሱን ቀለም ጻፉ። እኔ ደግሞ ከፋኑ መነሻ እስኪጠፋ ድረስ ድምፁን በስልኬ እቀዳለሁ። መካኒኩ ጋ ስደርስ ሂተሩ እንደ ልማዱ ደህና ሆኖ ቢነሣ እንኳ የማሰማው አለኝ።